ሽማግሌው ተኝቷል?

ኅዳር 6

ዝናብ። ጫማዬ ትናንትም አልደረቀም፣ ዛሬም አልደረቀም። አውቶቡሱ ሃያ ደቂቃ ዘገየ። ከባሕሩ የተነሣው ጉም መንገዱን ስለዋጠው በእግር ብሄድ እቀድመው ነበር። የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። አሥራ አራት ከሃያ። ምንም አልመሰለኝም።

አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ... ስኳር፣ እርሾ፣ አልኮል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። «ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል» አሉ። ከዚያ ዞር አሉ። አዩኝ። ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ።

ሠላሳ ስምንት ተማሪ እያየኝ የማያየኝ ለመምሰል ሲታገል...

«ከፈለግህ ውጣ» አሉኝ ቀስ ብለው። አልወጣሁም። ለምን እወጣለሁ? ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ወደ ታች ወርዶ ይተኛል። ከሥሩ አሰመርኩበት። ወረቀቱ ተቀደደ።

እህቴ ወይን መጥመቂያው ታንከር ውስጥ ገብታ ከሞተች ዛሬ ሠላሳ ሦስት ቀን።

ኅዳር 9

አባዬ ሥራ ገቡ።

እንደ ድሮው ማለዳ ተነሡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ቦት ጫማቸውን በር ላይ አጠለቁ፣ ወጡ። በቃ። እንደዚህ ቀላል ነው? ሃያ ስድስት ዓመት የጠመቁበት ቤት ነው፣ እሺ። ግን ልጃቸው የወጣችበትን በር በየቀኑ እያዩ ሊሠሩ?

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሹራባቸው ያንን ሽታ ይዞ መጣ። እርሾ፣ እርጥብ ድንጋይ፣ የሎሚ ልጣጭ። የእሷ ሽታ። ደሜ ፈላ። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

እማዬ ተከትላኝ መጣች።

«ቅድም አባትህን "ራበዎት?" አልከው። ሰማሁህ። ከመቼ ወዲህ ነው አንቱታ የጀመርከው?»

«አንቺ አይደለሽ "አባታችሁን አንቱ በሉ" እያልሽ ስትጨቀጭቂን የኖርሽው?»

«እሱማ እኔ ነኝ...» አለች። «ግን ስትለው ፊቱን አላየኸውም። በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ሆነ።»

አልመለስኩላትም። ምክንያቱን እዚህም አልጽፈውም። ዛሬ አልጽፈውም።

ኅዳር 10

ዛሬም አንቱ አልኳቸው። ዛሬም ያ ፊት።

ኅዳር 16

ብልቃጥ ቤታችን መጣ።

ብልቃጥ የመጥመቂያው ባለቤት ነው። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት እህቴ ናት። ኮቱ ኪስ ውስጥ የናሙና ብልቃጥ አይለየውም፤ ሰው እያናገረ እንኳ ያወጣና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል። እሷ ለሁሉም ስም ነበራት። ትራክተር ነጂውን «ቱርቦ» አለችው፣ ከሱ ትራክተር ኤሊ ስለሚቀድም። እሷን ደግሞ ሠራተኞቹ «ሎሚ» ይሏታል። በምላሷ። እኔን ማሙሽ ትለኛለች። አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሰው ፊት፣ ማሙሽ።

መጣና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሌላ ወንበር ጠፍቶ ነው? ያ ሶፋ ላይ?

«ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የሚላክ ነው። እንዲሁ ለደንቡ ያህል» አለና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አባዬ እንደ ክፍሉ ኃላፊ እንዲፈርሙበት ነው። ከአባዬ ትከሻ በላይ አነበብኩት። «ሟች ኃላፊዋን ሳትጠይቅ፣ በራሷ ባለመጠንቀቅ፣ ወደ ታንከሩ በመግባቷ...»

«ባለመጠንቀቅ?» አለች እማዬ።

«ቃሉን አይያዙብኝ እናቴ፣ የጸሐፊ አነጋገር ነው።»

«ልጄ ሱሪ ስታጥብ ኪሱን ሦስት ጊዜ የምትፈትሽ ልጅ ነበረች። የኔን ኪስ። የአባቷን ኪስ። የሞባይሉን ቻርጀር ነቅላ ካልሆነ ከቤት የማትወጣ።»

ብልቃጥ አንገቱን ደፋ። ሲደፋ እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ልማድ ነው። ብልቃጧን አውጥቶ ቢሆን ኖሮ... አላወጣትም። ተመስገን።

አባዬ «ይቀመጥ። አነበዋለሁ» አሉ። ይኸው ነው። ጠረጴዛ መምታት የለም፣ ውጣልኝ ከቤቴ የለም። ይቀመጥ። ወረቀቱ አሁን ሬዲዮው ሥር ተቀምጧል።

እማዬ እሱ ከሄደ በኋላ ወረቀቱ ያረፈበትን የጠረጴዛ ቦታ በጨርቅ ጠረገችው። ደግማ ጠረገችው።

ሳትጠይቅ ይላል። ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ኅዳር 17

ጠይቃለች። ጠይቃለች። ጠይቃለች።

ኅዳር 24

እሑድ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ ወይኑ ማሳ ወጣሁ። ቅጠሉ ረግፏል። ግንዶቹ ጥቁር፣ እርጥብ። ጉሙ ከባሕሩ እየተነሣ ረድፍ በረድፍ ይውጣቸዋል።

ያስተማረችኝ እዚህ ነው። አምና።

«የኛ ነጭ ወይን ለምን የሚነክስ ይመስልሃል?»

እኔ ምን አውቃለሁ።

«ብርዱ ነው። ፀሐይ የማያጣ ወይን ቶሎ ይበስልና ይሰባል፣ ይጣፍጣል፣ ይሰንፋል። የኛ ግን ጉም ውስጥ ቆሞ ጥርሱን እያንገጫገጨ ነው የሚበስለው። ኮምጣጣነቱን አይለቅም።»

«እንዳንቺ» አልኳት።

«እንደኔ» አለች፣ ኮራ ብላ።

ከዚያ ከባሕሩ ዳር ያነሣችውን ጠጠር ከኪሷ አወጣች። «ላስ።» አብደሻል አልኳት። «ላስ አልኩህ ማሙሽ። ካልላስክ አይገባህም።» ላስኩ። ጨው። ብርድ። ወዲያው ከያዘችው ጠርሙስ ጭላጭ ቀዳችልኝ። አትዋጥ፣ አፍህ ውስጥ አሽከርክረውና ትፋ። አረንጓዴ ፖም... የሎሚ ልጣጭ... መጨረሻ ላይ ያ ጠጠር። ቁርጥ ያለ፣ ንጹሕ። ከአገጬ ሥር ምራቄ ሞላ። «ይኸው» አለች፣ «ምራቅህ ከመጣ ጥሩ ነው። ሌላው ሁሉ የብልቃጥ ወሬ ነው።»

ዛሬ ጠዋት አባዬ ለእማዬ ሲነግሯት ሰማሁ። ስለ ዘንድሮው ወይን። «በሃያ ስድስት ዓመት እንደዚህ ያለ ጠምቄ አላውቅም» አሉ። ድምፃቸው ያፈረ ሰው ድምፅ ነበር። ማፈር ሲያንስ ነው። እሷን በልቶ አማረበት?

ታኅሣሥ 2

የወንበር ጓደኛዬን በቦክስ መታሁት። አፍንጫው ደማ።

«አባቴ ሲያወራ ሰምቼ ነው» አለኝ። «ማንንም ሳትጠይቅ ነው አሉ የገባችው። ዝም ብላ ጥልቅ...» አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቆምኩ። «ምን አለህ?» «ምን ብሎህ ነው?» መሬት መሬቱን አየሁ። እማዬ ከፖስታ ቤት ሥራዋን ጥላ መጣች። ማኅተም የሚነካው አውራ ጣቷ እንደጠቆረ። ይቅርታ ጠየቀችልኝ። እኔ አልጠየቅሁም።

መንገድ ላይ፣
«ምን አለህ?»
«እህትህ ሳትጠይቅ ጥልቅ አለች አለኝ።»

ብዙ ሄድን። ሱቁን አለፍን፣ ድልድዩን አለፍን።

«በየትኛው እጅህ መታኸው?»
«በቀኙ።»
«አሳየኝ።»

ገልብጣ አየችው። «ሁለተኛ እንዳትማታ» አለች። እስከ ቤት ድረስ ግን እጄን አልለቀቀችውም።

መመታት የነበረበት እሱ አልነበረም።

ታኅሣሥ 4

እሺ። ልጻፈው።

መጥመቂያው ውስጥ ታንከሮቹ ስም አላቸው። አዲሷ፣ እንደ መስታወት የምታበራው ብረት፣ ሙሽራዋ ናት። ሰፊዋ አክስቴ ናት። ጥግ ላይ ያለው፣ በብልቃጥ አያት ጊዜ በሲሚንቶ የተሠራው፣ ከታች በደረት ተስቦ የሚገባበት ትንሽ የብረት በር ያለው፣ ሽማግሌው ነው። ወይኑ ሲፈላ «ነቅቷል» ይላሉ። መፍላቱ አልቆ ጋዙ ሲወጣ «ተኝቷል» ይላሉ። ወይኑ ወደ ሌላ ታንከር ከተገለበጠ በኋላም አተላው ታች ሆኖ ይፈላል፣ ስለዚህ ባዶም ሆኖ ይነቃል። ደንቡ ሁለት ነው። አንድ፣ ማራገቢያው በሩ ላይ ተደቅኖ አንድ ሰዓት ይነፋል። ሁለት፣ አባዬ «ተኝቷል» ካላሉ ማንም ጭንቅላቱን አያስገባም። የሚጻፍ ነገር የለም። የአባዬ አፍ ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ሽማግሌው ማለት አባዬ ናቸው። እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን። «ሽማግሌው መጣ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንስ።» «ሽማግሌው ዛሬ ተቆጥቷል።» አንቱ ብለናቸው አናውቅም። እማዬ ስትጨቀጭቀን ራሳቸው ነበሩ «ተዪአቸው፣ ገና መች አረጀሁ» የሚሉት።

ጥቅምት 3። እኔ ትምህርት አልነበረኝም። አባዬ ትኩሳት ይዟቸው ቤት ቀርተዋል። ክኒን ውጠው ሶፋው ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው። እኔ ኳስ እያየሁ ነው። የቤቱ ስልክ ጮኸ።

«ማሙሽ፣ እኔ ነኝ። ሽማግሌው ተኝቷል?»

ዞሬ ሶፋውን አየሁ። አባዬ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ትንሽ ቆየሁ። ዓይናቸው ይገለጥ እንደሆነ ብዬ ነው።

«ተኝቷል» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ተኝቷል አልኩሽ እኮ።»

ሌላም ነገር አለች። አልሰማኋትም። ጎል ገባ። ጮህኩ። «እሺ ጩኸታም» አለችኝና ዘጋችው።

ሌላ ጊዜም እንደዚህ ትደውል ነበር። «ሙሽራዋ ተኝታለች ወይ በለው» ትለኛለች፣ አባዬን ጠይቄ መልሱን አቀብላታለሁ። ዝም ያልኩባት ያቺ ትንሽ ጊዜ... አባዬን የጠየቅሁበት መስሏታል። እኔ ሰውየውን አየሁ። እሷ ታንከሩን ጠየቀች።

አንቱ ብለናቸው ቢሆን ኖሮ «ተኝተዋል» እላት ነበር። ተኝተዋል። ታንከርን አንቱ የሚል ሰው የለም። ወዲያው ይገባት ነበር። «አይ አንተ፣ ታንከሩን ነው፣ ቀስቅሰውና ጠይቀው» ትለኝ ነበር። ትስቅ ነበር። ወይም ብቀሰቅሳቸው። ሁለት እርምጃ ነው ሶፋው። ሁለት እርምጃ...

ለዚህ ነው አንቱ የምላቸው። አሁን ምን ሊጠቅም? ምንም።

ጠይቃለች ካልኩ፣ ማንን ጠየቀች ይሉኛል። እኔን። ምን አልካት? ካልተናገርኩ ደግሞ በወረቀት ላይ ለዘለዓለም ግድየለሽ ሆና ትቀራለች። እኔ እንድድን እሷ ጥልቅ ትባል?

እጄ ደከመ።

ታኅሣሥ 19

ብልቃጥ ደግሞ መጣ። አሁን ደግሞ የጠርሙስ ላይ ወረቀት ይዞ።

ነጭ ወረቀት፣ በስስ አረንጓዴ ፊደል «ሎሚ»። የዘንድሮው ወይን። ከሽማግሌው ወደ ሙሽራዋ የተገለበጠው፣ አተላውን ልትጠርግ የገባችበት። «ለመታሰቢያዋ ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያናደደኝ እንባው እውነተኛ መሆኑ ነው።

በጀርባው ያለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ከቀዝቃዛው የባሕር ዳርቻ፣ ጉም ውስጥ ቀስ ብሎ ከበሰለ ፍሬ፣ በከፍተኛ ጥንቃቄ የተጠመቀ።»

ሄጄ ከሬዲዮው ሥር ያኛውን ወረቀት አወጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። «በራሷ ባለመጠንቀቅ።» «በከፍተኛ ጥንቃቄ።»

«የቱ ነው እውነቱ?» አልኩት።

«ልጄ...»

«ልጅህ አይደለሁም።»

አባዬ «ጎረምሳው» አሉ፣ ዝም በል ለማለት። ዝም አልልም ነበር፣ እማዬ ባትቀድመኝ። ወረቀቱን አንሥታ አየችው፣ አገላበጠችው፣ ለብልቃጥ መለሰችለት።

«ጠርሙስ ሲያልቅ የት ነው የሚጣለው?» አለችው።

አልገባውም።

«ቆሻሻ ውስጥ ነው። የልጄ ስም ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም።»

ኮቱን ለብሶ ሄደ።

ታኅሣሥ 21

ቅዳሜ ከሰዓት። ሠራተኞቹ ወጥተዋል። የአባዬን ቁልፍ ከቦት ጫማቸው ውስጥ ወስጄ ሄድኩ።

ወይኑን ልደፋው ነው የሄድኩት። ሁሉንም።

ሽማግሌውን አላየሁትም። ማለት... አየሁት። በሩ ተዘግቶ ሰንሰለት ተደርጎበታል። እንደዚያ ያለች ትንሽ በር። በቀጥታ ወደ ሙሽራዋ ሄድኩና ቧንቧዋን እስከ መጨረሻው አዞርኩት።

እንደ ገመድ ወፍሮ ወጣ። ወለሉን መታ፣ ተንሸራተተ፣ ወደ ውሃ መውረጃው ሮጠ። ካልሲዬ ራሰ። ሽታው ተነሣ። ፖሙ፣ የሎሚ ልጣጩ፣ ጠጠሩ... እያንዳንዱን ቃል በእሷ ድምፅ ነው የሰማሁት። ምራቄ መጣ። አስበው... እየተናደድኩ ምራቄ መጣ።

«ዝጋው።»

ቱርቦ። በሩ ላይ። አለመሄዱን አላወቅሁም።

«አልዘጋም።»

«አንተ ልጅ፣ የሷ እጅ ያለበት ነው። ዝጋው።»

«ለዚያ ነው የከፈትኩት ጋሽ ቱርቦ።»

መጥቶ ራሱ ዘጋው። ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ። ሁለታችንም እግራችን ወይን ውስጥ ነው።

«ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለ። «ቦቷን በበሩ አየሁት። ትንፋሼን ይዤ እግሯን ጎተትኩ። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም... ይህን ለአባትህ አልነገርኩትም።» ኮፍያውን አውልቆ፣ «ሳትጠይቅ ገባች ሲሉ አልዋጥልህ አለኝ። ያቺ ልጅ? ትራክተሬ ላይ ስትወጣ እንኳ "ፍሬኑን ያዝክ?" የምትል?»

ጭንቅላቴን ከፍ አደረግሁ። ማራገቢያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መረቡ ላይ ነጭ ጠብታ አለ። ሌላም። ሌላም።

«ምንድነው ማራገቢያው ላይ ያለው?»

ቱርቦ ተነሥቶ መጥረጊያ ያዘ። ዓይኑ ግን በመስታወቱ በኩል ወደ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ሄዶ ተመለሰ። አዳራሹ ነጭ ነው። ለጎብኚዎች ተብሎ በመስከረም መጨረሻ መቀባት የተጀመረው።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ጎሉ ሲገባ ያለችው። ጆሮዬ ሰምቶት ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። «ማራገቢያውን ለቀለሙ ሽታ ወስደውብኛል፣ ብልቃጥ ደግሞ ፍሬ የጫነው መኪና መጣ አሁኑኑ አጽጂው እያለ አናቴ ላይ ቆሟል...»

እንደገና ጻፍኩት፣ እንዳይጠፋብኝ። ማራገቢያውን ለቀለሙ ሽታ ወስደውብኛል።

ጥር 7

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮዋ ሴትዮ ይመጣሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። አጭር ሴት፣ የምትንጠባጠብ ጃንጥላ፣ «የት ላስቀምጣት?» እያሉ ገቡ። ነጩ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። ብልቃጥ፣ አባዬ፣ እማዬ፣ በሩ ጋ ቱርቦ። እኔን ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አላባረረኝም።

ብልቃጥ አስረዳ። በደንብ ያስረዳል። ደንቡ እንዲህ ነው፣ ደንቡ እንዲያ ነው፣ የሚያሳዝነው ሳትጠይቅ...

«ጠይቃለች» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

ተናገርኩ። ስልኩን። ሶፋውን። ሽማግሌው ማን እንደሆነና ምን እንደሆነ። ጎሉን እንኳ ተናገርኩ። እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባዬን አላየሁም። ማየት አልቻልኩም።

ብልቃጥ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ... ልጁ ራሱ ተናገረው። አይዞህ ልጄ። በቤተሰብ መካከል የተፈጠረ አለመግባባት ነው ማለት ነው።»

ይኸው። አውቀው ነበር። ነፃ ወጣ። በኔ አፍ።

ሴትየዋ መጻፋቸውን አቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ዓመትህ ነው?»
«አሥራ ስድስት።»
«እዚህ ትሠራለህ?»
«አልሠራም። ተማሪ ነኝ።»

ወደ ብልቃጥ ዞሩ። «አንዲት ሠራተኛዎ ከሞት የሚጠብቃት ነገር ቤት ቁጭ ብሎ ኳስ የሚያይ ተማሪ ቃል ብቻ ሆኖ የቀረው ለምንድነው?»

ብልቃጥ ሳቅ መሰል ነገር አደረገ። «ማራገቢያ አለን እኮ። ሁልጊዜ ቦታው ላይ ነው።»

«መረቡን ይዩት» አልኩ። «ነጭ ቀለም አለበት። ማራገቢያው የዚያን ቀን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እሷ ራሷ ነግራኛለች፣ በስልኩ።»

«ይህ ልጅ አዝኗል፣ የሚለውን...»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ ቱርቦ ከበሩ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ። «ተሸክሜ እዚህ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ሽታው ለእንግዶች ይጠፋ ብለኸኝ። ሦስት ቀን እዚህ ነበር። እስከዛሬ ያልተናገርኩት...» አልጨረሰውም።

ሴትየዋ ጻፉ። ብዙ ጻፉ። የብልቃጥ እጅ ወደ ኪሱ ገባ፣ ብልቃጧን አወጣ፣ አያት፣ ምን ሊያደርግ እንዳወጣት የጠፋበት ይመስል መለሳት።

አባዬ ተነሥተው ወጡ። በመስታወቱ አየኋቸው። ዝናቡ ውስጥ የውሃ ጎማ እየጠቀለሉ ነው። የተጠቀለለውን ፈትተው እንደገና ይጠቀልላሉ።

ጥር 8

ትናንት ቤት ሲገቡ አላናገሩኝም። ዛሬም ቁርስ ላይ አላናገሩኝም። በቃ፣ አልኩ። አለቀ። እህቴንም አባቴንም በአንድ ቃል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሥራ አልሄዱም። «ና ቁጭ በል» አሉኝ። ቆምኩ። «ቁጭ በል አልኩህ።» ተቀመጥኩ።

«እኔን ብትቀሰቅሰኝ ኖሮ ምን እላት የነበረ ይመስልሃል?»

«አትግቢ ይሏት ነበር።»

«አላውቅም» አሉ።

አየኋቸው።

«አምና ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ደወለችልኝ። ማራገቢያው ተቃጥሏል አለችኝ። ወይኑ ከተገለበጠ ስንት ቀን ሆነው አልኳት። ሦስት ቀን አለች። ተኝቷል፣ ግቢ አልኳት። በስልክ። ሳላየው። ገባች፣ ወጣች፣ ሣቅን። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ። ቃሌ ከማራገቢያው ይበልጣል ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እሱ ማራገቢያውን ሲወስድ ቃሌ ብቻ ቀረላት። ቃሌን ፍለጋ ደወለች። እኔ ተኝቻለሁ።»

ከዚያ ወረቀቱን ያልፈረሙት ለምን እንደሆነ ነገሩኝ። ሳትጠይቅ የሚለውን ሲያነቡ ልጃቸውን አላገኟትም። ግን ማንን እንደጠየቀች ማወቅ ፈሩ። እኔን ይሆናል ብለው አንድ ቀን እንኳ አላሰቡም።

ምን እንደተሰማኝ? ንዴት። አዎ፣ ንዴት። ያቀፍኳቸው፣ ያለቀስኩ፣ እንደዚያ አይነት ነገር የለም። «ታዲያ ለምን ሥራ ገቡ?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ለምን እዚያ ይሄዳሉ?» ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።

«ሌላው ሰው እንዳይገባ» አሉ። «እኔ ከሌለሁ ሌላ ልጅ ነው የሚያስገባው። በሩ ላይ ሰንሰለቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

አላውቅም ነበር።

እማዬ ኩሽና ውስጥ አንዱን ሰሃን አሥር ጊዜ ስታጥብ ይሰማል።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አሉኝ። «ይህን አንቱታህን ተው።»

«አንቱ ብለን ቢሆን ኖሮ...»

«ትናንት ስትናገር ገባኝ። ሌሊቱን ሁሉ ይህንኑ ሳስብ ነው ያደርኩት። ግን በልጅነታችሁ አንተ በሉኝ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ አንተ እንዳለችኝ ሄደች። አንተ አንቱ ስትለኝ... እሷን ከቤት ያስወጣሃት ይመስለኛል። እኔንም አብረህ።»

ጥር 9

«ጨው አቀብለኝ» አልኩት። አቀበለኝ።

የካቲት 12

ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት። ጫማዬ ደረቅ ነው፣ ለለውጥ። ሒሳብ አሥራ አምስት።

የቢሮው ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት መጣ። «ሟች ጠይቃለች» ይላል። እማዬ ፖስታውን ራሷ ነው የለየችው፣ ከሥራ ቦታዋ። እዚያው ቆማ ከፍታ አነበበችው። ማኅተም የሚነካው አውራ ጣቷ ደብዳቤው ዳር ላይ ታትሟል። ብልቃጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። መቼ? አይታወቅም። ምን ይፈረድበታል? አይታወቅም። እስካሁን ስሙን ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። የማይለቀኝ ይመስለኛል። ይሁን።

ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ተሞላ። ያለ ስም። ቁጥር ብቻ ነው ያለው። በእያንዳንዱ ታንከር በር ላይ አሁን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ቀን፣ ማራገቢያው የሠራበት ሰዓት፣ ያየው ሰው ፊርማ። ነቅቷል፣ ተኝቷል የሚሉትን ቃላት አባዬ ከልክሏል። «ንጹሕ ነው» ወይም «ንጹሕ አይደለም» ነው የሚባለው። ቱርቦ አንድ ጊዜ ተሳስቶ «አክስቴ ተኝታለች» ብሎ ራሱ ደነገጠ አሉ።

ሽማግሌውን በሲሚንቶ ደፈኑት። አባዬ ነው የደፈነው፣ በእጁ።

አንድ ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ነበር። ትናንት ሦስታችንም በትንንሽ ብርጭቆ ቀመስን። አልተፋሁም። ነከሰኝ። ፖሙ፣ ልጣጩ፣ ጠጠሩ። ምራቄ መጣ። እማዬ ፊቷን አኮማትራ «ሎሚ» አለች። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላለቀሰም። ግን ተባለ። እቤታችን ውስጥ ስሟ ተጠራ።

ዛሬ አባዬ ጉንፋን ይዞት ቤት ዋለ። እኔ ሶፋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ። እሱ ያንኮራፋል።

ስልኩ ጮኸ። ቱርቦ ነው።

«ሽማግሌው ተኝቷል እንዴ?» አለኝ። እንደ ቀልድ። ወዲያው ምን እንዳለ ገባው። ትንፋሹ ሲቋረጥ ሰማሁት።

እኔም እርሳሴን አስቀመጥኩ።

«አባዬን ነው?» አልኩት።

«አዎ... አባትህን። ይቅርታ የኔ ልጅ። አክስቴን ለመክፈት ፈልገን ነበር፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ፊርማ አልነበብ ብሎን ነው። ከተኛ ይተኛ፣ ነገ ይደርሳል።»

«አባዬ ተኝቷል» አልኩት። «ሰውየው። ታንከሩን አላውቅም። ስልኩን እንዳትዘጋው።»

ሁለት እርምጃ ነው ሶፋው።

ቀሰቀስኩት።